የሾፌር እንቅልፍ

በጅቡቲ ከተማ የሄሮን ሰፈር ነዋሪ፣ የሐምሌ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቀትር ቤቱ ገብቶ ያርፋል። የኢትዮጵያን ጭነት የሚያመላልሰው ሾፌር ግን ይህ ዕረፍት የለውም። ከ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የአገሪቱ ገቢ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ በወደቡ ተራ መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ሾፌሩም የባከነበትን ጊዜ ለማካካስ ሌሊቱን ሲነዳ ያድራል።

እንቅልፍ ያንገላጀጀው ሾፌር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ዓይኑ ለ3 ሴኮንድ ብቻ ቢከደን፣ መኪናው 66 ሜትር ያህል ያለ ነጂ ይጓዛል። ዓይኑን ወደ እጅ ስልኩ የመለሰም እንደዚሁ ነው። ጫትም ቢሆን ድካምን ይሸሽጋል እንጂ አያስወግድም፤ ኃይሉ ሲያልቅ የተሸሸገው ድካም በርትቶ ይመለሳል፤ ያውም በጉዞ መካከል። ዲኪል ላይ መኪናውን አቁሞ ግማሽ ሰዓት ያሸለበ ሾፌር ጋላፊ ድንበር የሚደርሰው ግማሽ ሰዓት ብቻ ዘግይቶ ነው።