ሣሩ ከልጅቷ በኋላ ለምን ይቆማል?

ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ ሰሃላም ሰቆጣም የልጃገረዶች ይሆናሉ። ሻደይ የሚሉትን ሣር ወገባቸው ላይ አሥረው፣ ከበሮ ይዘው፣ ከደጅ ደጅ እየዞሩ የሚጫወቱበት ሰሞን እስከ 21 ይዘልቃል። ይህንኑ በዓል ላስታ አሸንድዬ፣ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ ይለዋል። ወገብ ላይ የሚታሠረው ለምለም ሣር ግን ሁሉም ጋ አለ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ሣር ነው። ከክቡ መሃል የገባች ልጅ ስትሾር ፊቷን ትታችሁ ወገቧን እዩ። ስትነሣ ሣሩ ወደ ኋላ ይቀራል፤ እሷ ዞራለች፣ እሱ ገና ነው። ቀጥሎ ይደርስባትና እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ድንገት ቀጥ ስትል ደግሞ ሣሩ አብሯት አይቆምም። በያዘው አቅጣጫ አልፏት ሄዶ ጭኗ ላይ ይጠመጠማል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይመለሳል።

ይህን ካያችሁ የመሾርን ግማሽ ምስጢር አይታችኋል። ሌላውን ግማሽ ከእንዝርት እናገኘዋለን።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ከጓደኛዋ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው መሾር ይለማመዱ ነበር። ሦስት ዙር ሳይሞሉ አንዷ ወደ አጥሩ፣ አንዷ ወደ ምድጃው ትበራለች። «እግሬ ሰነፍ ነው» አለችኝ። እግሯ ምንም አልሆነም። ቤት ውስጥ ሳያቋርጥ የሚሾር ነገር እያለ እሱን አላየችም እንጂ።

እንዝርት ካላችሁ አምጡት። አያቷ ስትፈትል አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ እጇን ተመልከቱ። እንዝርቱን ጭኗ ላይ አስተኝታ በመዳፏ አንዴ ሸርተት ታደርገውና ትለቀዋለች። ከዚያ በኋላ እጇ አይከተለውም፤ ወደ ባዘቶው ይሄዳል። እንዝርቱ በዚያች አንዲት ግፊት ብቻ ክሩን እያከረረ ይሾራል። ዘንጉ ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው፤ ክብደቱም በዙሪያው እኩል ስለተቀመጠ አይወላገድም።

አሁን ደግሞ ባዶውን እንዝርትና ፈትል የጠገበውን አወዳድሩ። እጅ ያው፣ ግፊቱም ያው ነው። ባዶው ሲበር፣ የወፈረው ዝግ ብሎ ይዞራል። ክብደት ከዘንጉ በራቀ ቁጥር ለማዞር ያስቸግራል፤ በቀረበ ቁጥር ይታዘዛል። የርቀቱ ነገር ከምንገምተው በላይ ነው። ያው ክብደት ከ80 ሳንቲ ሜትር ወደ 20 ሲሰበሰብ ርቀቱ በ4 ተከፈለ፤ ለመዞር የሚያሳየው እምቢታ ግን በ16 ይከፈላል።

በሰውነታችሁ ሞክሩት። የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ፈልጉ። በእያንዳንዱ እጃችሁ ውኃ የሞላ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ይዛችሁ እጃችሁን ዘርጉና አንድ ሰው ቀስ ብሎ ያዙራችሁ። ከዚያ ሁለቱንም ጠርሙሶች ወደ ደረታችሁ ሳቡ። ማንም ሳይነካችሁ ወንበሩ ይፈጥናል። መልሳችሁ ዘርጉ፤ ይረጋል። አደራ፣ መጀመሪያ ላይ ቀስ ብለው ያዙሯችሁ።

ስለዚህ በፍጥነት የሚሾር ሰው እጁን የሚዘረጋው ለመነሻ ነው። ክንዱን ከፍቶ ግፊቱን ይወስድና ወዲያው ይሰበስባል። ጀማሪ ሁሉ ግን ሚዛን የሚጠብቅለት እየመሰለው እንደ ዘረጋ ይቀራል፤ ራሱን በራሱ ያዘገያል። ሻደዩም እንዲሁ ያደርጋል። ተከፍቶ ሲዘረጋ ክብደቱ ከወገብ ይርቃል፣ ልጅቷም ትዘገያለች። ያ ዓይናችንን የሚይዘው ውበት ከፍጥነቷ ላይ የተቆረጠ ነው።

እግርንም አንርሳ። ሙሉ ውስጥ እግራችሁን መሬት ላይ አድርጋችሁ ለመዞር ሞክሩ፤ ከዚያ ተረከዛችሁን አንሥታችሁ በፊተኛው የእግራችሁ ክፍል ብቻ ዙሩ። መሬቱን የሚነካው ቦታ ሲጠብ የሚይዛችሁ ነገር ይቀንሳል። በካልሲ ለስላሳ ሲሚንቶ ላይ ደግሞ ልዩነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ። ኮንጎ ጫማ ግን ለዚህ አይሆንም። ጎማው መሬቱን ሲነክስ እግር ይቀራል፣ ወገብ ይዞራል፣ መካከል ላይ ያለው ጉልበት ይጠመዘዛል። ይህን ሳልደብቅ የምነግራችሁ የተጠመዘዘ ጉልበት ቶሎ ስለማይድን ነው።

ወደ ሁለቱ ልጆች እንመለስ። ቀኝ እጅ በቀኝ፣ ግራ በግራ፣ መሃል ላይ መስቀል ሠርተው ይያያዛሉ። የአራት እግሮቻቸው ጣቶች ሊነካኩ ይደርሳሉ፤ ጀርባቸው ግን ወደ ውጭ ያዘነብላል። ለየብቻ ቢሆኑ ሁለቱም ወድቀው ነበር። አንዷ ለሌላዋ ግድግዳ ሆናላታለች።

እዚህ ላይ ዘንጉ የት አለ? በማንኛቸውም ውስጥ የለም። በመካከላቸው ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው የቆመው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ትክክል መሃል ላይ ይሆናል። አንዷ 60 ኪሎ፣ ሌላዋ 30 ብትሆንና በሁለቱ መካከል 150 ሳንቲ ሜትር ቢኖር፣ ዘንጉ ከከባዷ 50፣ ከቀላሏ 100 ሳንቲ ሜትር ላይ ይወድቃል። ትልቋ እንደ ምሰሶ ጠባብ ክብ ስትዞር፣ ትንሿ ሰፊውን ትሮጣለች። ትልቋ «እኔም እንደ እሷ ልሩጥ» ካለች ዘንጉ ይንገዳገዳል። የእህቴ ልጅና ጓደኛዋን ወደ አጥርና ወደ ምድጃ የበተናቸው ይኸው ነው፤ ጓደኛዋ በቁመትም በክብደትም ትበልጣታለች፣ ሁለቱም ግን እኩል ሊሮጡ ይታገላሉ።

መፍጠን ሲፈልጉስ? ክርናቸውን አጥፈው አብረው መቀራረብ ነው። ለዚህ ፈትል ላይ ቁልፍ እሠሩና አዙሩት፤ ክሩ ጣታችሁ ላይ እየተጠመጠመ ሲያጥር ቁልፉ ጣታችሁን ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ እያጠረ ሲሄድ ታያላችሁ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ስፋቱ ሳይለወጥ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እጅ ላይ የሚያርፈው ጉተታ አራት እጥፍ ይሆናል። ጣት ለጣት የተያያዙ ልጆች የሚላቀቁት ለዚህ ነው። የእጅ አንጓ ለአንጓ መያያዝ ይሻላል፤ አንዷ ብትለቅ እንኳ ሌላዋ ይዛታለች።

ሌላም ዓይነት የሁለት ሰው ሽክርክሪት አለ። አዲስ አበባ ሳልሳ የሚማሩ ወጣቶች የሚለማመዱት፣ በሰርግ አዳራሽም አሁን አሁን የምናየው ነው፤ አንዱ እጁን ከፍ ያደርጋል፣ ሌላዋ ከሥሩ ትዞራለች። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አጋሩን ያዞረ እየመሰለው እጁን እንደ ወጥ ማማሰያ ሲያንቀሳቅስ ነው። እጁ ከአናቷ ትክክል ወደ ጎን ከወጣ ዘንጓን ጎተተው ማለት ነው፤ የእንዝርትን ክር ወደ ጎን እንደመሳብ ይሆናል።

እርሳስ በጡጫችሁ ውስጥ አቁሙና በሌላው እጃችሁ አሽከርክሩት። ጨበጥ ስታደርጉ ይቆማል። ላላ ስታደርጉ ይዞራል፣ ነገር ግን አይወድቅም። ከላይ ያለው እጅ ሥራ ይህ ነው፦ ላላ ብሎ፣ አናቷ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ቦታውን ሳይለቅ መቆየት። መነሻዋን ግፊት ከሰጠ በኋላ እንደ ፈታይዋ እጅ ዝም ማለት አለበት። ጥሩ አጋር የምለው ይህን ዝምታ የሚያውቅ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ዋናው ጣጣ፣ ራስ ማዞሩ።

አማርኛችን «ዞርሁ» እና «አዞረኝ» ብሎ መለየቱ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው የእኛ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ካቆምን በኋላ በእኛ ላይ የሚሠራ ነው። ማን ነው የሚያዞረን? ብርጭቆ ውኃ አምጡ። የረጠበ የሻይ ቅጠል ጣል አድርጉበትና ብርጭቆውን ትሪ ላይ እንዳለ በጣቶቻችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። መጀመሪያ ብርጭቆው ይዞራል፣ ቅጠሉ ባለበት ይቆያል። ማዞራችሁን ቀጥሉ፤ ውኃው ይነቃና አብሮ ይዞራል። አሁን ብርጭቆውን ቀጥ አድርጉት። ቅጠሉ መዞሩን ይቀጥላል።

በእያንዳንዱ ጆሯችን ውስጥ፣ ከታምቡሩ ወዲያ፣ እንደ ቀለበት የታጠፉ ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ፈሳሽ ሞልቶባቸዋል። ፈሳሹ ሲንቀሳቀስ ጥቃቅን ፀጉሮች ያሉበትን ለስላሳ ክዳን ይገፋል፤ አእምሯችን መዞራችንን የሚያውቀው በእነዚህ ፀጉሮች መጎንበስ ነው። ለጥቂት ሰኮንዶች እኩል ከሾርን ፈሳሹ ይደርስብንና ፀጉሮቹ ይቃናሉ። ድንገት ስንቆም ፈሳሹ አይቆምም፤ ፀጉሮቹን ወደ ሌላው ጎን ይገፋቸዋል። እግር «ቆሜአለሁ» ይላል፣ ጆሮ «በተቃራኒው እየዞርሁ ነው» ይላል። ልክ እንደ ሻደዩ ሣር፣ ልጅቷ ቆማ ሳለ እሱ ገና እየሄደ ነው።

ለዚህ ማስረጃው ፊት ላይ ይታያል። ጓደኛችሁ አሥር ጊዜ ያህል በፍጥነት ይዙርና ይቁም፤ ወዲያው ዓይኑን ተመልከቱ። ዓይኖቹ ቀስ ብለው ወደ አንድ ጎን ይንሸራተቱና ቶሎ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይንሸራተታሉ። እሱ አላዘዛቸውም፤ ጆሮው ነው የሚነዳቸው። ከጎኑ ቆማችሁ ትከሻውን ያዙት፣ እንዳይወድቅ። ሮበርት ባራኒ የተባለ ሐኪም ይህን የጆሮ ክፍል በማጥናቱ የ1914 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማትን አግኝቷል። መንገድ የከፈተለት የበሽተኞቹ ጆሮ በቀዝቃዛ ወይም በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ማየቱ ነው፤ ሳይዞሩ ራሳቸውን ያዞራቸው ነበር። ጆሮው በቀዝቃዛ ውኃ የታጠበ ልጅ «አዞረኝ» ቢላችሁ እመኑት።

እንግዲህ ፈሳሹን ማስቆም አንችልም። ዓይንን ግን መግራት ይቻላል። ከፊታችሁ አንድ ነገር ምረጡ፤ ምሰሶ፣ መስኮት፣ የተሰቀለ ወንፊት። ሰውነታችሁ መዞር ሲጀምር ፊታችሁ እዚያው ይቆይ። አንገት ከዚህ በላይ አልሄድም ሲል ራሳችሁን ቶሎ ወርውራችሁ ከሰውነታችሁ ቀድማችሁ መልሳችሁ ወንፊቱን አግኙት። መጨረሻ የሚነሣው፣ መጀመሪያ የሚደርሰው ራስ ነው። በሩብ ዙር፣ በግማሽ ዙር እየቆማችሁ ጀምሩ። አንድ ዙር ሳይጣራ ወደ ሁለት አትሂዱ።

እጅ ለእጅ ለተያያዙት ግን ወንፊቱ አይሠራም። እነሱ የአጋራቸውን አፍንጫ ይዩ። ሁሉ ነገር ሲበር፣ ዓለም ሁሉ ሲጋረድ፣ አብሮ ስለሚዞር የማይንቀሳቀስ አንድ ነገር እሱ ነው።

ሌላው መድኃኒት ልምምድ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች 29 የባሌት ዳንሰኞችን ከ20 ቀዛፊ ሴቶች ጋር አነጻጽረው ነበር። በጨለማ በሚሽከረከር ወንበር አዙረው ሲያቆሟቸው፣ የዳንሰኞቹ የመዞር ስሜት ቶሎ ጠፋ። የጆሯቸውን ምልክት የሚቀበለው የአንጎል ክፍልም አንሶ ተገኘ። የዓመታት ልምምድ አእምሮን ጆሮ የሚለውን ሁሉ እንዳይሰማ ያስተምረዋል ማለት ነው። ለመጀመር ግን በቀን አምስት ደቂቃ፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ሆድ ሳይጠግብ መለማመድ ይበቃል።

ሁለቱ ልጆች አሁን በሌላ መንገድ ይሾራሉ። ትልቋ ቦታዋን ሳትለቅ በጠባቡ ትዞራለች፣ የእህቴ ልጅ በሰፊው ትሮጣለች፣ ክርናቸውን አብረው ያጥፋሉ። ሻደዩ ገና ስላልደረሰ ለልምምድ ወገባቸው ላይ ነጠላ አሥረው ነበር። ስምንት ዙር ቆጠርሁ። ሲቆሙ ወዲያው ግንባር ለግንባር ገጥመው አንዷ የሌላዋን ዓይን መረመረች።

«አሁንም ይሮጣል?»

«ትንሽ። የኔስ?»

«ቆዪኝ፣ አትንቀሳቀሺ።»

የነጠላቸው ጫፍ ገና ጭናቸውን አልፎ እየተጠመጠመ ነበር።