«ኪሎ ይተርፍሃል?»

«ወደ ጓንዡ የሚሄድ አለ? ትንሽ ዕቃ ነበረችኝ፣ ኪሎውን እከፍላለሁ።» እኛ የጀሞና የለቡ ሰዎች በምንገናኝባቸው የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ እንዲህ ያለ መልእክት አይጠፋም። መልስ ሰጪም አይጠፋም፤ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሱቅ ያላቸው ብዙ ወዳጆቼ ለዕቃ ቻይናና ዱባይ ይመላለሳሉ። በርበሬውም ሽሮውም ቅቤውም በፌስታል ተጠቅልሎ ከሰው ሻንጣ ይገባል። ልማዱን አልጠላውም። በሰው አገር ላለ ወገን የቤቱ ነገር የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ግን ይህ ልማድ አንዳንድ አገር ሲደርስ አንገትን ገመድ ውስጥ ያስገባል፤ ስለዚህ ላውራው።

በ2011 ዓ.ም. አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት ቻይና ውስጥ ኮኬይን ይዛ ተገኘች ተብላ መታሰሯ ተሰማ። ቅርብ ሰዎቿ እንዳሉት ኮኬይኑ የተገኘው ጓደኛዋ «አድርሽልኝ» ብላ በሰጠቻት የሻምፖ ዕቃ ውስጥ ነው። ሞት ሊፈረድባት ይችላል ሲባል ፌስቡክ በፎቶዋ ተሞላ፣ ፊርማ ተሰበሰበ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም መልስ ሰጠ። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ያኔ ከሚገባው በላይ ተነስቷል። እኔን የገረመኝ ክርክራችን ነበር። ግማሹ «ታውቃለች» ግማሹ «አታውቅም» እያለ ሁላችንም ዳኛ ሆንን፤ የአገሩ ሕግ ምን ይላል ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

የቻይና የወንጀል ሕግ አንቀጽ 347 እንደሚለው 50 ግራምና ከዚያ በላይ ሄሮይን ወይም ሜታምፌታሚን ያሻገረ ሰው ቅጣቱ 15 ዓመት እስራት፣ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። ኮኬይንም የሚለካው በዚሁ ሚዛን ነው። 50 ግራም አንድ እፍኝ ሽሮ ቢሆን ነው! ሲንጋፖር ደግሞ ይብሳል፤ ከ15 ግራም በላይ ሄሮይን ወይም ከ30 ግራም በላይ ኮኬይን ያስገባ ሞት ይጠብቀዋል። ሕጉም «ሻንጣው በእጅህ ከተገኘ ውስጡ ያለውን ታውቃለህ» ብሎ ነው የሚነሳው። አለማወቅን ማስረዳት የተከሳሹ ዕዳ ነው።

እኛ ይህ የማይታየን ያለ ምክንያት አይደለም። የኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 በአደንዛዥ ዕፅ የሚቀጣው በእስራትና በገንዘብ ነው። የሞት ቅጣት ለሌሎች ወንጀሎች በሕጋችን ቢኖርም፣ መፈጸሙ በይፋ የታወቀው ለመጨረሻ ጊዜ በ1999 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «ዕፅ ይዞ ተያዘ» ሲባል የሚታየን እስር ቤት እንጂ መቃብር አይደለም።

ኮኬይኑ ለምን በአዲስ አበባ በኩል ያልፋል? አየር መንገዳችን ከሳኦ ፓውሎ ተነስቶ ቦሌ ያርፋል፤ ከቦሌ ደግሞ ጓንዡ፣ ሆንግ ኮንግና ባንኮክ ይበራል። የደቡብ አሜሪካ ኮኬይን ወደ እስያ ሲያልፍ ቦሌ ላይ በተደጋጋሚ ተይዟል። ከሳኦ ፓውሎ የመጣ መንገደኛ በዓይን ይፈለጋል፤ ለልብስ ንግድ የምትመላለስ የጀሞ ልጅ ግን ማን ይጠረጥራታል? አዘዋዋሪዎቹም የሚያስቡት ይህንኑ ይመስለኛል።

አውሮፕላን ላይ ሳይወጡ ለሞት የሚደርሱም አሉ፤ እነሱን ግን ፌስቡክ አያውቃቸውም። ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ ቀይ ባሕርን ተሻግረው፣ በየመን አቋርጠው ሳዑዲ ድንበር ላይ ጂዛንና ናጅራን የሚደርሱ ወንድሞቻችን ናቸው። ሳዑዲ አቋርጣው የነበረውን በዕፅ ወንጀል የሞት ቅጣት መፈጸም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ዳግም ጀመረች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የመንግሥቱን የዜና ወኪል መግለጫዎች ቆጥሮ እንዳወጣው፣ ከ2014 እስከ ሰኔ 2025 በዕፅ ወንጀል የተገደሉት 597 ሲሆኑ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የውጭ ዜጎች ናቸው። ሐሺሽ አሻገሩ ተብለው ናጅራን ላይ የተገደሉ ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን ከነዚህ ውስጥ ናቸው። መግለጫው አጭር ነው፤ ስም፣ ዜግነት፣ «ቅጣቱ ተፈጸመ»። የሐሺሹ ባለቤት በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ያለው ተሸክሞ ተራራ የወጣው ነው። የዕፅ ንግድን ያስቆማል የሚባለው ቅጣት ይህን ሰው ገድሎ ምን እንደሚያስቆም እስካሁን አልገባኝም፤ ነገ ሌላ የተራበ ተሸካሚ ይገኛል።

ከሞት አፋፍ የተመለሰ የለም ማለት አይደለም። ሜሪ ጄን ቬሎሶ የተባለች ፊሊፒናዊት እ.ኤ.አ. በ2010 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሰው የሰጣት ሻንጣ ውስጥ 2.6 ኪሎ ሄሮይን ተገኝቶባት ሞት ተፈረደባት። በሚያዝያ 2015 ስምንት ሰዎች በተረሸኑባት ሌሊት እሷ ለጥቂት ተረፈች። መልምላታለች የተባለችው ሴት አገሯ ላይ ለፖሊስ እጇን ሰጥታ ስለነበር የፊሊፒንስ መንግሥት «ምስክራችን ናት» ብሎ ተሟገተላት። በታኅሣሥ 2024 አገሯ ገባች። ያተረፋት እንባዋ ብቻ አልነበረም፤ መልማይዋ ስም ያላት ሰው ሆና መገኘቷም ነው።

ስለዚህ የሰው ዕቃ የምትይዙ ሁሉ፣ ያልከፈታችሁትን አትያዙ። የታሸገ ሻምፖና ቅባት፣ ድርብ ግድግዳ ያለው ሻንጣ፣ እዚያው ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኝ ነገር ከተሰጣችሁ ጠርጥሩ። ጫትም እንዳትረሱ፤ እዚህ በየሰፈሩ ቢሸጥም ቻይና፣ እንግሊዝና ሳዑዲ ሕገወጥ ነው። «ይቅርታ፣ ኪሎዬ ሞልቷል» ማለት ነውር አይደለም። አማችም ብትሆን።

ሰው ከተያዘ ደግሞ ቤተሰብ መጀመሪያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሂድ፤ ጓንዡም ጂዳም ቆንስላ አለን። የታሰረው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ አይፈርም፣ አስተርጓሚ ይጠይቅ። እዚህ ያለው ዕቃውን የሰጠውን ሰው ስልክና ፎቶ ይዞ ለፌዴራል ፖሊስ ያመልክት። የቴሌግራም ጨዋታውንም ወዲያው ስክሪንሾት ያንሳ፤ ሰጪው በራሱ ስልክ ከሁለታችሁም ዘንድ ሊያጠፋው ይችላል።