ሲስቲክ ፋይብሮሲስና የማይጠረገው አክታ

ለመሆኑ አክታ ጠላት ነው ወዳጅ? ስንታመም ብቻ ስለምናየው ጠላት ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ በጤነኛ ሰው የአየር ቧንቧ ውስጥ ስስ እርጥብ ሽፋን አለ። አቧራውንም ጀርሙንም ይይዛል፤ ሲሊያ የሚባሉት ፀጉር መሰል ነገሮች ደግሞ ቀስ እያሉ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን።

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ይህንን ጠረጋ የሚያስተጓጉል በዘር የሚተላለፍ በሽታ ነው። ጥፋቱ ያለው በ7ኛው ክሮሞሶም ላይ በሚገኘው፣ በ1989 እ.ኤ.አ. በተለየው ሲኤፍቲአር በተባለ ጂን ነው። ጂኑ የሚያሠራው ፕሮቲን ለክሎራይድ መተላለፊያ በር ነው እንበል። በሩ ካልሠራ ጨውና ውኃ እንደ ልብ አያልፉም፤ አክታው ይወፍራል፣ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ልጁ የሚታመመው የተበላሸውን ጂን ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ነው። ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ በየእርግዝናው ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ላቡም ከልክ በላይ ጨዋማ ስለሆነ ዋናው ምርመራ ዛሬም የላብ ነው። (የሳንባን በሽታ ከክንድ ላይ በተወሰደ ላብ መለየት! ይቺ ነገር ሁሌም ትገርመኛለች።)

ከዚያ በኋላ ያለው አዙሪት ነው። በቆመ አክታ ውስጥ እንደ ሱዶሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ሊዋጓቸው የመጡት ነጭ የደም ሴሎች የሚረጩት ኢንዛይም የቧንቧውን ግድግዳ ራሱን ይበላዋል። ግድግዳው ሲላላ ቧንቧው ይሰፋል፤ የሰፋ ቧንቧ ደግሞ ሌላ አክታ ያጠራቅማል። ይህ ቋሚ መስፋት ብሮንኪየክታሲስ ይባላል።

እዚህ የሚያደርሰው ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ብቻ አይደለም። እንደኛ ባለ አገር አንዱ ትልቅ ምክንያት ቲቢ ነው። መድኃኒቱን በሥርዓቱ ጨርሶ የዳነ ሰው እንኳ የተጎዳው ቧንቧ ወደ ድሮው አይመለስም። ከዓመታት በኋላ ሳል፣ ብዙ አክታ፣ አንዳንዴም ደም ሊመጣ ይችላል። ጎረቤቱም ዘመዱም "ቲቢው ተመለሰበት" ይላል። ሊመለስም ስለሚችል መመርመሩ ግድ ነው። ግን ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ የሞተ ባክቴሪያ ዲኤንኤም ሊያነሳ ስለሚችል፣ በቅርቡ ታክሞ ለነበረ ሰው ካልቸር መጨመር ያስፈልጋል። አለበለዚያ ሰውዬው የማያስፈልገውን መድኃኒት ለወራት ሊውጥ ነው።

ስለ ሕክምናው፣ በ2019 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ትሪካፍታ የብዙ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሕሙማንን ኑሮ ለውጧል፤ ዋጋው ግን ሲወጣ በዓመት ከ300,000 ዶላር በላይ ነበር። ለቲቢ ጠባሳም አይሠራም። ለሁለቱም የሚሆነው ርካሹ ነገር አክታን በየቀኑ ማውጣት ነው፤ በጥልቀት መተንፈስ፣ ትንሽ መያዝ፣ ከዚያ መስታወት ላይ እንፋሎት እንደሚነፋ ሰው አፍን ከፍቶ "ሃ" ብሎ ማስወጣት። ደም የሚያስለው ሰው ግን ሐኪም ሳያየው አይጀምር።