ደረቅ ስንቅን መምረጥና ማሻሻል

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ቆሰበር ላይ ሲደርስ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ምዕራብ ይለያል፤ ይኸውም በቻግኒ አልፎ ወደ መተከል ቆላ ይወርዳል። ዛሬ እንጅባራ ተብላ የአዊ ዞን ርእሰ ከተማ የሆነችው ቆሰበር ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች፥ ገብስና ድንች የሚበቅልባት የደጋ ከተማ ናት። ወደ ቆላ የሚወርደውም ሆነ ወደ ተራራ የሚወጣው መንገደኛ ስንቁን የሚቋጥረው ከእንዲህ ያለው ገበያ ነው። የስንቅ ንግድም ከሌላው ንግድ በአንድ ነገር ይለያል፤ ዕቃው የሚፈተነው ሱቅ በሌለበት ስፍራ ነው። ጨርቅ የገዛ ሰው ጉድለት ቢያገኝበት በማግስቱ ይመልሰዋል፤ የተበላሸ ስንቅ የገዛ ግን ጉድለቱን የሚያውቀው ከገበያ የሦስት ቀን መንገድ ርቆ ከረጢቱን ሲፈታ ነው።

በውጭ አገር አዳኞችና ተራራ ወጪዎች ዘንድ ዛሬ የተለመደው ስንቅ በቅዝቃዜ የደረቀ ምግብ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ የበሰለው ምግብ ወደ በረዶነት እስኪለወጥ ከቀዘቀዘ በኋላ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ክፍል ውስጥ ይገባል፤ እዚያም በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይለቃል። በምግቡ ካለው ውኃ ከመቶው 98 ያህሉ ሲወገድ መልኩና ጣዕሙ ብዙ ሳይለወጥ ይቀራል፤ ፍል ውኃ ሲፈስበትም ተመልሶ ይለሰልሳል። የአሜሪካ ጦር ይህን ስንቅ በ1960ዎቹ (እ. ኤ. አ.) ሩቅ ለሚሄዱ ቃኚ ወታደሮቹ አድሎታል፤ ከዚያም ወዲህ ለአዳኝና ለተራራ ወጪ በየሱቁ ይሸጥ ጀመር።

ሐሳቡ ግን ከፋብሪካ በፊት የገበሬ ነበር። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ድንችን ሌሊት ለውርጭ፥ ቀን ለፀሐይ እያሰጡ፥ በእግራቸውም እየረገጡ ውኃውን በማስወገድ «ቹኞ» የሚባል ለዓመታት የሚቆይ ስንቅ ከጥንት ጀምሮ ያዘጋጃሉ። ቆሰበር የአንዲስን ያህል ከፍታና ደረቅ ውርጭ ስለሌላት ሥራው እንዳለ ሊቀዳ አይችልም፤ ነገር ግን ድንችን ቀቅሎና በስሱ ቆርጦ በበጋ ፀሐይ ማድረቅ ከማንም ዐቅም በላይ አይደለም።

ይህን የውጭ ስንቅ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ከሥዕሉ ይልቅ በከረጢቱ ጀርባ የተጻፈውን ማንበብ ይገባዋል። በመጀመሪያ የሚታየው የካሎሪው ልክ ነው። ከረጢቱ «ለሁለት ሰው» ቢልም ውስጡ ያለው 500 ወይም 600 ካሎሪ ብቻ ከሆነ ዳገት ሲወጣ የዋለ ሰው ብቻውን ይጨርሰዋል፤ እንዲህ ያለው መንገደኛ በቀን 3,000 ካሎሪና ከዚያም በላይ ይፈልጋልና። ሁለተኛው የጨው ብዛት ነው፤ ጨው የበዛበት ምግብ ውኃ በሌለበት ስፍራ ጥምን ያብሳል። ሦስተኛው በውስጡ የገባው ነገር ነው። የአሳማ ሥጋ ያለበትን ዕቃ እስላሙም ክርስቲያኑም አይገዛውም፤ ሥጋና ወተት ያለበትም በዐቢይ ጾም፥ በረቡዕና በዓርብ ከመደርደሪያው አይነሣም። አራተኛው ማሸጊያው ነው፤ ባለ አልሙንየም ሽፋን ሆኖ ኦክስጅን የሚመጥጥ ትንሽ ፓኬት ያለበት ይመረጣል።

በከረጢቱ ላይ የታዘዘው የማቆያ ሰዓትም በደጋ አይበቃም። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በቆሰበር ከፍታ ግን በ91 ወይም በ92 ዲግሪ፥ በ4,000 ሜትር ላይ ደግሞ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ «10 ደቂቃ» የተባለው ወደ 20 ደቂቃ ከፍ ይላል፤ ሙቀቱም እንዳያመልጥ ከረጢቱን በጋቢ ጠቅልሎ ማቆየት ይጠቅማል። አንድ ማንኪያ፥ ማለት 15 ግራም ያህል፥ ንጥር ቅቤ ቢጨመርበት ደግሞ 130 ያህል ካሎሪ ይጨምራል፤ ሚጥሚጣና የተፈጨ ቋንጣም የተሰለቸውን ጣዕም ያድሳሉ።

ይህ ሁሉ ሲታሰብ ግን የአገሪቱ የራሷ ስንቅ ከውጭው የማያንስ መሆኑ ይገለጣል። በሶ፥ ቆሎ፥ ድርቆሽና ቋንጣ የጥንት ዘማች ስንቅ ነበሩ። በሶ ገብሱ አስቀድሞ የተቆላ ስለሆነ እሳት አይፈልግም፤ 100 ግራሙም ወደ 370 ካሎሪ ይሰጣል። እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ውኃ ስለሆነ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሻግታል፤ ድርቆሽ ሲሆን ግን ቀልሎ ለወራት ይቆያል።

የጎደለው ምግቡ ሳይሆን አያያዙ ነው። የመጀመሪያው ጠላት እርጥበት ነው። በአዊ ክረምቱ ረዥም፥ ዝናቡም ብዙ ስለሆነ የዓመቱን ደረቅ ስንቅ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ወራት አሰናድቶ ማሸግ ይበጃል። ድርቆሹ ሲሰብሩት ካልተንኮሻኮሸ፥ ቋንጣው ሲያጥፉት ካልተሰበረ፥ በሶውም ሲጨብጡት እንደ ሊጥ ከተያያዘ ለመታሸግ አልደረሰም። ገብስ የሚገዛ ነጋዴም ደረቅ ጨውና እህሉን በንጹሕ ጠርሙስ አድርጎ ይነቅንቀውና 15 ደቂቃ ያቆየው፤ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ስብ ነው። ስብ ቆይቶ ስለሚሻክት ቋንጣ ከቀይ ሥጋ ብቻ ይዘጋጅ፤ ቅቤውም ከበሶው ጋር ሳይለወስ ለብቻው ይታሸግ፤ ወደ ቆላ የሚወርድ ከሆነ በሙቀቱ ስለሚቀልጥ ክዳኑ የጠበቀ ዕቃ ያስፈልገዋል። ሦስተኛው ችግር ማገዶ ነው። ሽሮ ብዙ መንተክተክ ይሻል፤ ነገር ግን ወጡ ከተሠራ በኋላ በስሱ ተዘርግቶ ቢደርቅና እንደገና ቢፈጭ ፍል ውኃ ብቻ ይበቃዋል። ዘይቱ በዚያን ጊዜ ይጨመራል እንጂ አስቀድሞ አይገባም። እንዲህ ያለው ሽሮ የጾም ሰው ስንቅ ስለሆነ ከውጭው ከረጢት ይልቅ ገዢ ያገኛል።

ወደ ውጭ የሚልከው ነጋዴ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠበቅበታል። በባዕድ አገር የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ድርቆሽ፥ ሽሮና በርበሬ ይናፍቃል፤ ነገር ግን በእርጥበት ከሚመጣው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይወለዳል። የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬ ላይ የፈቀደው ጣሪያ በአንድ ኪሎ 10 ማይክሮግራም ብቻ ስለሆነ፥ በቂ ፀሐይ ያልመታው አንድ ጆንያ ሙሉውን ጭነት ሊያስመልስ ይችላል።

«ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይባላል። ለስንቅ ነጋዴ የምሳሌው ግማሽ ብቻ ይስማማዋል፤ ስንቁ በቅርብ ያለው ይሁን፥ ግን በሚገባ የደረቀ ይሁን። ለአንድ ሰው የአንድ ቀን በሚበቃ ልክ ተመዝኖ፥ ከምን እንደ ተሠራና የታሸገበት ቀን ተጽፎበት የተሸጠ በሶ ሻጩን በሌለበት ስፍራ ይመሰክርለታል። ከተራራ ወይም ከቆላ በደኅና የተመለሰው መንገደኛም ለሚቀጥለው ጉዞው የሚመጣው ወደዚያው ሱቅ ነው።