የተከሰሰ ቃል፦ ተማሪን በስሜት ጎድቷል የተባለ መምህር በምን ይከላከላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2039 ላይ፣ መምህር ተማሪውን በልክ በመቅጣቱ ብቻ በእጅ እልፊት ጥፋተኛ እንደማይባል ይናገራል። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 36፣ ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ አካልን ከሚጎዳ ወይም ጭካኔ ካለበትና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የበላዩ የትኛው እንደሆነ አያከራክርም። አለንጋና አርጩሜን በተመለከተ የመምህሩ መቆሚያ ጠቧል። ምላስን በተመለከተ ግን ሁለቱም ሕጎች ብዙ አይሉም። «አንተ ደደብ፣ ከዚህ ክፍል ምን ትሠራለህ?» ብሎ ልጅን በእኩዮቹ ፊት ማሸማቀቅ፣ ለወራት ስሙን አለመጥራት፣ ድህነቱን ወይም የአነጋገር ዘዬውን መሳለቂያ ማድረግ ሰውነት ላይ ሰንበር አይተውም። ክሱ ሲመጣ ከባድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለልጁም፣ ለተከሰሰው መምህርም።

ድርጊቱን በስሙ የጠራው ዓለም አቀፉ ሕግ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 19 አካላዊውንም አእምሯዊውንም ጥቃት ይከለክላል። የስምምነቱ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው 13ኛ አጠቃላይ ማብራሪያ ደግሞ መሳደብ፣ ማዋረድ፣ ማንኳሰስ፣ ማስፈራራትና ማግለል የአእምሯዊ ጥቃት መልኮች መሆናቸውን ዘርዝሯል። ማብራሪያው ለዳኛ መመሪያ ይሆናል እንጂ ራሱን ችሎ ወንጀል አያቋቁምም። የመጀመሪያው የመከላከያ ጥያቄም ከዚህ ይነሣል፤ መምህሩ የተከሰሰው በየትኛው ድንጋጌ ነው?

በእኛ አገር መልሱ ብዙውን ጊዜ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ነው። የመጀመሪያው ንዑስ አንቀጽ በኃላፊነቱ ሥር ያለን ልጅ ያንገላታን ሰው እስከ ሦስት ወር በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። ሁለተኛው፣ ድርጊቱ በልጁ ጤና፣ ደኅንነት፣ ትምህርት ወይም አካላዊና ሥነ ልቦናዊ ዕድገት ላይ ከባድ ጉዳት ካደረሰ ቅጣቱን ከአንድ ዓመት በማያንስ ቀላል እስራት ያከብደዋል። ሦስተኛው ደግሞ ወላጆችና ተመሳሳይ ኃላፊነት ያለባቸው ሰዎች ለመልካም አስተዳደግ ሲሉ ሕግን ሳይጻረሩ የሚወስዱትን የሥነ ሥርዓት እርምጃ ነፃ ያወጣል። አንቀጽ 68ም የማረም መብትን በአግባቡ መጠቀም ወንጀል እንደማይሆን ይጨምራል። የመከላከያው ዋና ሜዳ ይህ ነው። ጠበቃው «ተግሣጽ ነበር» ይላል፤ ዐቃቤ ሕጉ «ማዋረድ ነበር» ይላል። የተባለው ቃል ግን አንድ ነው።

ታዲያ ተግሣጽን ከማዋረድ የሚለየው ምንድን ነው? እኔ እንደማየው ጠንካራ መከላከያ ቃሉን ከመካድ ይልቅ ቃሉ የተነገረበትን ሁኔታ ያሳያል። የቤት ሥራውን ሦስት ጊዜ ያልሠራን ልጅ «ሰነፍክ» ማለት ስለ ድርጊቱ መናገር ነው። «ዘርህ ሁሉ እንዲሁ ነው» ማለት ግን ስለ ማንነቱ መፍረድ ነው፤ እንዲህ ያለውን ቃል በአንቀጽ 68 ለማስጠለል የሚሞክር ጠበቃ ይሸነፋል፤ መሸነፍም ይገባዋል። ድግግሞሹም ይታያል። አንድ ቀን በንዴት ያመለጠ ቃልና አንድን ልጅ ለይቶ ሙሉ መንፈቅ የተከተለ ፌዝ አንድ አይደሉም። ከዚያ የሐሳብ ክፍል አለ። ሕጉ ወንጀል እንዲቋቋም ሕጋዊው፣ ግዙፋዊውና ሞራላዊው ፍሬ ነገር አብረው እንዲሟሉ ይጠይቃል፤ በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት የሚያስቀጣውም ሕጉ ይህንኑ ለይቶ ሲናገር ብቻ ነው። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው የአገር ብሂል ተከሳሾች ሲጠቅሱት የሚያምር ይመስላቸዋል፤ ችሎት ፊት ግን የልጁን ለቅሶ ማናናቅ ሆኖ ይሰማል።

ክሱ አንዳንዴ በአንቀጽ 615፣ በስድብና ማዋረድ፣ ይመጣል። ይህ በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል በመሆኑ አቤቱታው በጊዜው መቅረቡን ማጣራት የጠበቃው ቀዳሚ ሥራ ነው። የፍትሐ ብሔር ካሳ ቢጠየቅ ደግሞ የሕሊና ጉዳት ካሳ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ታስሯል፤ በዛሬ ገንዘብ ለልጁ ቤተሰብ ምንም አይደለም።

ከሁሉም በላይ መከላከያውን የሚወስነው ማስረጃ ነው። ሰንበር በሌለበት የሚቀረው የልጆች ምስክርነትና፣ አሁን አሁን፣ በስልክ የተቀረጸ ድምፅ ነው። ልጅ በጠባዩ ዋሾ አይደለም። ነገር ግን ለጠየቀው ትልቅ ሰው የሚያስደስተውን መልስ መስጠት ይቀናዋል፤ ወላጅ፣ ርዕሰ መምህርና ፖሊስ እየተፈራረቁ «እንዲህ ብሎሃል አይደል?» እያሉ ከጠየቁት ታሪኩ በየዙሩ ይወፍራል። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1983 የጀመረው የማክማርቲን ቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤት ጉዳይ፣ ክሱ ከዚህ የተለየና እጅግ የከፋ ቢሆንም፣ የዚህ ትምህርት ማሳያ ሆኗል፤ በመሪ ጥያቄዎች የተሰበሰበው የሕፃናት ቃል ለሰባት ዓመታት ያህል አከራክሮ ያለ አንድ የጥፋተኝነት ፍርድ ተዘጋ። ስለዚህ ጠበቃው ልጁን ማን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ በምን ቃል እንደጠየቀው መመርመር አለበት። ልጁን ማስጨነቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለሕፃናት ምቹ በሆኑ ችሎቶች ልጁ በተለየ ክፍል ተቀምጦ፣ ጥያቄው በማኅበራዊ ሠራተኛ በኩል እየደረሰው ቃሉን ይሰጣል። አንዳንድ ጠበቆች መስቀለኛ ጥያቄያችንን አደነዘዘብን ብለው ያጉረመርማሉ። አልስማማም፤ የረጋ ልጅ የሚሰጠው ቃል ለእውነተኛ ንጹሕ ተከሳሽም ይጠቅመዋል።

ድምፁን በተመለከተ ሙሉው ቅጂ ይቅረብ ማለት ያስፈልጋል። የሃያ ሰከንድ ቁራጭ ከፊቱ የነበረውን የክፍል ረብሻ አያሰማም። መምህሩም በጎኑ ያለውን መሰብሰብ አለበት፦ የትምህርት ዕቅድ፣ የስም መጥሪያና የውጤት መዝገብ፣ ለወላጅ የተላኩ ደብዳቤዎች፣ በክፍሉ የነበሩ ሌሎች ተማሪዎች። ዐቃቤ ሕግ በበቂ ካላስረዳ ፍርድ ቤቱ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 141 መሠረት መከላከያ ሳይጠራ በነፃ ያሰናብታል። በፖሊስ ጣቢያ ዝም የማለት መብትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተጠበቀ ነው።

ብዙው ጉዳይ ግን ችሎት ሳይደርስ በትምህርት ቤት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ያልቃል፤ መምህራን በብዛት የሚጎዱትም እዚያ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የዲሲፕሊን እርምጃ የፍርድ ቤት ውሳኔን ሳይጠብቅ እንዲወሰድ ስለሚፈቅድ፣ በወንጀል ነፃ የወጣ መምህር ሥራውን ሊያጣ ይችላል። የግል ትምህርት ቤት መምህር በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይዳኛል፤ አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ በኋላ ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት ይቀራል። ይህን ቀን የቆጠረ መምህር ሊያሸንፍ ይችላል።

በዚህ መሐል የእኛ ባህል የሚያመጣው አንድ ችግር አለ፤ ሽምግልና። ቅሬታ እንደተሰማ ርዕሰ መምህሩ ወይም የሠፈር ሽማግሌ «ሂድና ወላጆቹን ይቅርታ ጠይቅ፣ ነገሩ ይብረድ» ይላሉ። ይቅርታ ለእኛ ትሕትና ነው፤ ሰው ባያጠፋም ይጠይቃል። በወረቀት ላይ ሲፈረም ግን የእምነት ቃል መልክ ይይዛል፤ ወደ ልጁ ቤት መመላለሱም ምስክር እንደማባበል ሊተረጎም ይችላል። መታረቅን እወዳለሁ፤ ሆኖም የተከሰሰ መምህር ከጠበቃ ወይም ከመምህራን ማኅበሩ ተወካይ ጋር ሳይማከር አንዲት መስመር መጻፍ የለበትም።

አሜሪካኖች ይህን ወጥመድ በፍርድ ለያይተውታል። በጋሪቲ ጉዳይ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመንግሥት ሠራተኛ «ካልተናገርክ ትባረራለህ» ተብሎ የሰጠው ቃል በወንጀል እንዳይቀርብበት ወሰነ፤ በላውደርሚል ጉዳይ፣ በ1985፣ የተረጋገጠ ቅጥር ያለው ሠራተኛ ከመባረሩ በፊት ክሱን አውቆ የመሰማት መብት እንዳለው አጸና። መከላከያው እዚያ ምን ያህል እንደሚሄድ ግን የኒው ሜክሲኮ አንድ ጉዳይ ያሳያል። መምህር የ12 ዓመት ልጃገረድን በክፍል ፊት ለሳምንታት «ሴተኛ አዳሪ» እያለ ጠርቷታል ተባለ፤ የአሥረኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1996 ድርጊቱን ሥልጣንን አለአግባብ መጠቀም ብሎ ቢኮንነውም የሕገ መንግሥት ጥሰት አይደለም አለ። መምህሩን የጠቀመ፣ እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ፍርድ ነው። በአንጻሩ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችና ሠራተኞች ባሉባት እስራኤል፣ የወንጀል ሕጉ የአእምሮ በደልን በስሙ ጠርቶ፣ አድራጊው የልጁ ኃላፊ ከሆነ እስከ ዘጠኝ ዓመት እስራት ያስቀጣል።

እንግሊዞች ያደረጉት ለእኛ ይበልጥ ይጠቅመናል እላለሁ። የትምህርት ቤቶች መመሪያቸው የምርመራ ውጤትን የተረጋገጠ፣ በተንኮል የቀረበ፣ ሐሰት፣ ያልተረጋገጠና መሠረተ ቢስ ብሎ ይለያል። «ያልተረጋገጠ» ማለት ልጁ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ መምህሩም አጥፍቷል ማለት አይደለም። ከጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በተማሪው ምክንያት የተወነጀለ መምህር ክስ እስኪመሠረትበት ድረስ ማንነቱ እንዳይገለጽ ሕግ ይጠብቀዋል። እኛ ጋ ስም የሚጠፋው ምርመራው ሳይጀመር ነው።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1966 የጸደቀው የመምህራን ደረጃን የሚመለከተው የዩኔስኮና የዓለም ሥራ ድርጅት ምክረ ሐሳብ፣ መምህር ክሱን በጽሑፍ የማወቅ፣ ማስረጃውን የማየት፣ በመረጠው ተወካይ የመከላከል፣ በቂ ጊዜ የማግኘትና ይግባኝ የማለት መብት እንዳለው አስፍሯል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 አቅም ለሌለው የወንጀል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል፤ ይህ ግን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ለቀረበ መምህር አይደርስም። ከከተማ ርቆ በሚያስተምር ሰው አጠገብ ያለው የማኅበሩ ተጠሪ ነው፤ እሱም ራሱ ከሰዓት በኋላ ክፍል ያለው መምህር ነው።