ቀንና ቦታ ያልተቆረጠለት ኒያ

 

ጨረቃ በታየች ማግስት በእኛ በወረኢሉ መስጂዱ ይጠባል። ዘግይቶ የመጣው ሰው ደጅ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ይሰግዳል። በዚያች ሳምንት ዐቅድ የሌለው ሰው አናገኝም። አንዱ «ዘንድሮ ቁርአንን ሁለት ጊዜ አኸትማለሁ» ይላል። ሌላው ልጆቹን ራሱ ሊያቀራ፣ ሌላው ሲጋራውን ሊተው፣ ሌላው የተኳረፈ ዘመዱን ሊጠይቅ ያስባል። በአሥረኛው ቀን ሰፉ ይሳሳል። በዒድ ማግስት ሱብሒ ላይ ከኋላችን የሚቆመው ሰው አንድ ሰፍ እንኳ አይሞላም።

ኒያው ውሸት ነበር ለማለት አይደለም። ሰው በዚያች ሌሊት ያሰበውን ከልቡ ነው ያሰበው። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

ወረኢሉ የምታውቀው ቀጠሮ

የከተማችን ስም በሀገራችን ታሪክ ጎልቶ የሚነሳው በአንድ ቀጠሮ ነው። በ1888 ዓ.ም. መባቻ አፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ «ጠላት መጥቷልና ተነስ» ብለው ብቻ አልተዉም። የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ከትቶ እንዲገኝ ቦታውንም ጊዜውንም ቆረጡለት። በዚያ ቀጠሮ የተነሳው ዘመቻ የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ ደረሰ። ቦታና ቀን ባይቆረጥ ኖሮ አንዱ አዝመራውን፣ ሌላው የልጁን ሠርግ ምክንያት እያደረገ በየቤቱ በቀረ ነበር።

እኛ ግን ለገዛ ነፍሳችን ክተት ስንጠራ ቦታም ቀንም አንናገርም። «ዘንድሮ ቁርአን አበዛለሁ» እንላለን። የት ተቀምጠን? ከየትኛው ሶላት በኋላ? ስንት ገጽ? አላህ (ሱ.ወ.) ሶላትን ያዘዘን በጊዜ የተወሰነች ግዴታ አድርጎ መሆኑን በሱረቱ ኒሳእ 103ኛው አንቀጽ ላይ እናገኛለን። ሲመቻችሁ ስገዱ አልተባልንም። ቢባል ኖሮ ስንቶቻችን እንሰግድ ነበር?

ሠላሳ አንቀጽ

ይህን የምንጽፈው ከሰው ተሽለን አይደለም። እናታችን በልጅነታቸው የመቅራት ዕድል አላገኙም። ሶላታቸውን በጥቂት አጫጭር ሱራዎች ይሰግዱ ነበር። አንድ ረመዳን ካፈጠርን በኋላ ቡናውን እያፈሉ «ልጄ፣ የሰውን ልጅ ሁሉ ታቀራለህ፤ እኔንስ ተባረክን ብታቀራኝ ምን አለ? ለቀብር ትደርሳለች ሲሉ እሰማለሁ» አሉን። ተባረክ የሚሏት ሱረቱል ሙልክን ነው።

«ኢንሻአላህ እማ፣ ከነገ ጀምሮ በየማታው አንድ አንድ ሰዓት እንቀመጣለን» አልናቸው። ከነተጅዊዱ፣ ከነትርጉሙ በአንድ ወር ልናስጨርሳቸው አቀድን። አራት ማታ ተቀመጥን። በአምስተኛው እንግዳ መጣ። በስድስተኛው የደረሶች ጉዳይ ያዘን። «ከዒድ በኋላ» አልን። ከዒድ በኋላ እርሻ መጣ፣ ከእርሻ በኋላ አረም፣ ከአረም በኋላ አጨዳ። በተከታዩ ረመዳን እሳቸው ነገሩን አላነሱብንም። እኛው አፍረን «ዘንድሮ አይቀርም» አልን፤ ቀረ። በሦስተኛው ረመዳን እናታችን አልነበሩም።

ቀብረናቸው ስንመለስ ቁጭ ብለን ቆጠርን። ሱረቱል ሙልክ ሠላሳ አንቀጽ ናት። ቡናው እስኪፈላ በቀን አንድ አንቀጽ ብናስይዛቸው በአንድ ወር ታልቅ ነበር። እኛ የጠበቅነው ሙሉ ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ አልመጣም። በየቀኑ የመጣልን አሥር ደቂቃ ነበር፤ እሱን ደግሞ ከጊዜ አልቆጠርነውም። በኋላ እህታችን እንደነገረችን፣ በእነዚያ አራት ማታዎች የያዟቸውን አንቀጾች እስከ መጨረሻቸው ድረስ በሶላታቸው ውስጥ ይሏቸው ነበር።

ጥቂት ሆኖ የማይቋረጥ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ዘንድ ይበልጥ የሚወደደው ሥራ ጥቂት ቢሆንም እንኳ የሚዘወተረው እንደሆነ አስተምረውናል። ሐዲሱን ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን። ዐቅድ ስናወጣ ግን እንረሳዋለን። ሶሓባው ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) በወጣትነቱ በየቀኑ ሊጾም፣ ሌሊቱን ሁሉ ሊቆም ቆርጦ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀነስ እንዲያደርግ መከሩት፤ ቁርአኑንም በወር አንድ ጊዜ እንዲጨርስ ነገሩት። እሱ ግን ከዚህ የበለጠ እችላለሁ እያለ አስጨመረ። ዕድሜው ገፍቶ ጉልበቱ ሲደክም፣ የነቢዩን ማቅለያ ተቀብዬ በነበር እያለ ይመኝ ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ታሪክ ነው።

ቁርአኑ ራሱ በ23 ዓመት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ነው የወረደው። ለምን በአንድ ጊዜ አልወረደም ብለው ለጠየቁት፣ የነቢዩን ልብ ለማጽናት መሆኑን ሱረቱል ፉርቃን ይመልሳል። እኛም በደረሳነታችን ያየነው ይህንኑ ነው። በሉሕ ላይ የዕለቱን ትምህርት እንጽፋለን፤ ያ ሳይያዝ ሉሑ አይታጠብም፤ ሳይታጠብም አዲስ አይጻፍበትም። በአንድ ቀን ሁለት ሉሕ ካልያዝኩ ያለው ብዙ ጊዜ ሳይጨርስ ቀረ። አንዷን ሳያስታጉል የያዘው አኸተመ።

ከሶላት ጋር ማሰር

እንግዲህ በተግባር እንነጋገር። በመዲና ኅትመት ቁርአኑ 604 ገጽ ነው፤ አንድ ጁዝእ ወደ 20 ገጽ ይሆናል። 20 ገጽ በአንድ ቁጭታ ለብዙ ሰው ይከብዳል። ለአምስቱ ሶላት ሲካፈል ግን ከእያንዳንዱ ሶላት በኋላ አራት ገጽ ነው። ይህን የያዘ ሰው በረመዳን ያኸትማል። አራት የከበደው ሁለት ይያዝ፤ በሁለት ወር ይደርሳል። ማንበብ ገና የሚማረው ደግሞ አንድ መስመር ይያዝ። ዋናው ነገር ሥራው ከሶላቱ ጋር መታሰሩ ነው። ሶላቱ በየቀኑ ይመጣል፤ የታሰረበትንም ይዞ ይመጣል። ስልካችን ግን ከዚያ ምንጣፍ ይራቅ። «መልእክት ብቻ ልይ» ብሎ የከፈተ ሰው የአራቱን ገጽ ጊዜ ሲያስበላ በዐይናችን እናያለን።

ስለ እናቶች ደግሞ አንድ ነገር እንበል። ብዙ አባወራ ከዐስር በኋላ መስጂድ ቁጭ ብሎ ድርሻውን ያነባል። በዚያው ሰዓት ሚስቱ ሾርባውን ትጥዳለች፣ ሳምቡሳውን ትጠቀልላለች፣ ሱሑርም የምትነሳው ቀድማ ነው። የእሷ ቁርአን መቼ ይነበብ? ስለዚህ የቤት ዐቅድ ሲወጣ የእሷ ሰዓት አስቀድሞ ይቆረጥ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ማፍጠሪያው ተምርና ሾርባ ቢሆን ጾማችን አይጎድልም። ወንዱ ልጅ ዕቃ ቢያጥብ፣ አባት ሕፃኑን ቢይዝ፣ ለእናት ግማሽ ሰዓት ይገኛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ሲሆኑ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግራናለች።

አንድ ቀን ብታመልጠንስ?

ብዙ ዐቅድ የሚሞተው ባመለጠች አንድ ቀን ሳይሆን፣ «አንዴ ተበላሽቷል» በምትል ቃል ነው። የሌሊት ድርሻው በእንቅልፍ ያለፈው ሰው በሱብሒና በዙህር መካከል ካነበበው፣ በሌሊት እንዳነበበው ይጻፍለታል። ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው። ያመለጠን ነገር የሚመለስበት በር እንዳለው ከዚህ እንማራለን።

የዘመኑ ተመራማሪዎችም ወደዚህ ይጠጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሞ የወጣ የአንድ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ጥናት 96 ሰዎችን ተከታትሎ፣ አንድ አዲስ ሥራ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አግኝቷል። ከሰው ሰውም በጣም ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንዳላፈረሰውም ተመልክቷል። ረመዳን ደግሞ 29 ወይም 30 ቀን ነው። ልማዱ ሳይጠና ወሩ ያልቃል ማለት ነው። የሸዋል ስድስት ቀን ጾም ከዒድ በኋላ እንዳንቋረጥ ምን ያህል እንደሚያግዘን ከዚህ እንረዳለን።

አላህ በሱረቱ ነሕል ላይ ፈትሏን አጠንክራ ከፈተለች በኋላ እንደገና የምትበታትን ሴት እንዳንሆን ያስጠነቅቀናል። አገራችን ፈታይ የሞላበት ነው፤ አንድ ልቃቂት ስንት ማታ እንደሚፈጅ እናውቃለን። የረመዳንን ፈትል በዒድ ማግስት አንበትነው።

ዛሬ ማታ ከማፍጠሪያ በኋላ ቤተሰቡን ሰብስባችሁ አንዲት ሥራ ምረጡ፤ አንዲት ብቻ። ከየትኛው ሶላት በኋላ፣ የት ተቀምጣችሁ፣ ስንት እንደምትሠሩ ተነጋገሩ። እናት ወይም አባት በሕይወት ያሉላችሁ፣ ምን መቅራት እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው፤ ከመጀመሪያዋ አንቀጽም ዛሬውኑ ጀምሩ። «ከዒድ በኋላ» አትበሉ።

አላህ ጥቂቷን ሥራችንን ይቀበለን፤ እስከ ዕለተ ሞታችን የምንዘወትርባት ያድርገን። አሚን።