ገበጣና ሰንጠረዥ

የፈተናው ወረቀት ተሰብስቦ ወደየአገራችን የምንበተንበት ቀን ተቃርቧል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በአንድ ክፍል የምናድር አራት ተማሪዎች ነን። ለመጻፍ ያነሣሣን ነገር ቢኖር ባለፈው ክረምት እያንዳንዳችን ቤታችን ደርሰን ያየነው ነው። ተመልሰን ስንነጋገር የአራታችንም ታሪክ አንድ ሆኖ ተገኘ። እራት ተበልቶ ቡና ከተጠጣ በኋላ አባት ስልኩን ይዞ አንድ ማእዘን ይቀመጣል፤ ታናሽ ወንድም በሌላው ማእዘን ኳስ ያያል፤ እኛም ከሩቅ አገር የመጣነው እንግዶች ያው ስልካችን ላይ አቀርቅረን እናመሻለን። ሁለት ወር ሙሉ ከእናቶቻችን ጋር ያደረግነው ጭውውት ቢጻፍ «ብላ እንጂ» እና «ጠግቤአለሁ» ከሚሉት ቃላት እምብዛም አያልፍም ነበር።

እንግዲህ አንደኛው ጓደኛችን አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ በሻማ ሲያመሹ አክስቱ ከጓዳ የገበጣ ሰሌዳ ይዘው ወጡ። እሱ ይኖራል ብሎ ያልጠረጠረው ሰሌዳ ነው። በዚያ ሌሊት አምስት ጊዜ ተሸነፈ። መብራቱ መጥቶ እንኳ ጨዋታው አልቆመም። ይህን ሲነግረን በመጀመሪያ ሳቅንበት፤ ኋላ ግን ጠጠር ሰብስበን እኛም ጀመርነው፤ ከገበጣም ወደ ሰንጠረዥ አለፍን። ያገኘነውን ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን እናካፍላለን።

ስለ ገበጣ ማወቅ የሚገባው የመጀመሪያ ነገር ጨዋታው አንድ አለመሆኑ ነው። በ1971 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉትን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስበው ሲያትሙ ከመቶ በላይ ዘርዝረዋል። ሁለት ረድፍ ያለው አለ፤ ሦስት ረድፍ ያለው አለ፤ ሦስት ረድፉ በተለይ የእኛ የአፍሪካ ቀንድ ነው፤ በሌላው ዓለም እምብዛም አይገኝም። በአክሱም ዘመን ሰዎች በኖሩባቸው በየሐና በመጠራ ከድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ የጉድጓድ ረድፎች ተገኝተዋል፤ እንደ ሊቃውንቱ ግምት ከ6ኛውና ከ7ኛው መቶ ዓመት የቆዩ ናቸው። ሰሌዳ የሌለው ሰው መሬት ምሶ ይጫወታል፤ እረኞች የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው።

ከዚህ ቀጥለን የምንገልጸው የጓደኛችን አክስት ያስተማሩንን ብቻ ነው። በአንባቢው አገር ደንቡ ሌላ ቢሆን ተሳስታችኋል አይበለን፤ የሱንም ያስተምረን።

በሁለት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ አለ። በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ይገባል፤ ድምሩ 48 መሆኑ ነው። በፊታችን ያለው ረድፍ የኛ ነው፤ ማዶ ያለው የባላጋራችን። ተራው የደረሰው ሰው ከራሱ ጉድጓዶች አንዱን ይመርጣል፤ ያለውን ጠጠር ሁሉ ያነሣና ወደ ቀኝ እየዞረ በየጉድጓዱ አንዳንድ ይጥላል። የመጨረሻይቱ ጠጠር ያረፈችበት ጉድጓድ ባዶ ካልነበረ በውስጡ ያለውን ሁሉ እንደ ገና አንሥቶ ይቀጥላል፤ ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈች ተራው ያልፋል። በዚህ መካከል ሦስት የነበረው ጉድጓድ አራት በሞላ ጊዜ «ላሟ ወለደች» ይባላል፤ ጥጃውን፣ ማለት አራቱን ጠጠር፣ የረድፉ ባለቤት ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ስለዚህ በራስህ እጅ የባላጋራህን ላም ልታዋልድለት ትችላለህ። ሰው ከሁሉ የሚናደደው በዚህ ነው።

አንደኛው ጓደኛችን የሒሳብ ተማሪ በመሆኑ ነገሩን ወደ ወረቀት አመጣው። መጀመሪያ ሁሉም ጉድጓድ አራት ስለ ሆነ የመጀመሪያው ዙር ከየትኛውም ቢነሣ አካሄዱ አንድ ነው፤ አምስት ጊዜ ይነሣል፣ 4፣ 5፣ 5፣ 6፣ 6፣ በድምሩ 26 ጠጠር ይዘራል፣ ከዚያም ባዶ ጉድጓድ ላይ ያርፋል፤ አንዲትም ላም አትወልድም። እንግዲያስ ከየትም ብንጀምር ለውጥ የለውም ልንል ነበር። ነገር ግን ጠጠሩ የሚያርፍበት ወገን ይለያያል። ከግራ ቆጥረን ከሦስተኛው ጉድጓድ ብንነሣ 28 በኛ በኩል ይቀርና ለባላጋራችን 20 ይተርፈዋል፤ ከስድስተኛው ብንነሣ ደግሞ ለኛ 21፣ ለሱ 27 ይሆናል። የተጠራጠረ ሰው ጠጠር ደርድሮ ይሞክረው።

ይህን ግኝት ይዘን በኩራት ወደ አክስቱ ስልክ ደወልን። ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚጀምሩ ብንጠይቃቸው «ከሦስተኛው ነዋ» አሉን። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው ደግሞ «እጄ ለምዶት ነው ልጆቼ» ብለው ወደ ሌላ ወሬ አለፉ። የሒሳብ ተማሪው ያን ቀን ብዙ አልተናገረም።

ስለ ዳማ ብዙ አንልም፤ ከቆርኪ ጋር ያላደገ ተማሪ ይኖራል ብለን አናስብምና። ካርታም እንዲሁ፤ በገንዘብ እስካልሆነ ድረስ።

ወደ ሰንጠረዥ እንለፍ። ዛሬ ሰንጠረዥ ሲሉን በዓይናችን የሚመጣው ቁጥር የተሞላ ወረቀት ነው፤ ጨዋታውን ስናስብ ግን «ቼዝ» እንላለን። የጥንቱ ትርጉም ግን ጨዋታው ነበር፤ ቃሉ በፋርስና በዐረብ አገር ሸጥረንጅ ከሚባለው የመጣ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል (1508–1540 በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደ ነበር ተጽፏል። እቴጌ ጣይቱም በገና መደርደርና ሰንጠረዥ መጫወት ያውቁ እንደ ነበር ይነገራል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 ትግራይ ገብቶ ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱ አይቷል። ያየውም ነገር አስደንቆታል፤ ቅርጾቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ትልልቅ ነበሩ፤ የባላጋራን ቅርጽ የበላ ሰው በኃይል መትቶ ከቦታው ያስወግደዋል፤ በዙሪያ የቆመው ሁሉ፣ አሽከሩም ጭምር፣ ይጮሃል፣ ይመክራል፣ አልፎ ተርፎም ቅርጹን በእጁ አንሥቶ «በዚህ ሂድ» ይላል። በጌታው ፊት ቀና ብሎ የማይናገር አሽከር በሰንጠረዡ ላይ ግን ጌታውን ያርማል ማለት ነው። እኛ በዝምታ የሚጫወቱትን የቼዝ ውድድር በስልክ ስናይ ለኖርን ሰዎች ይህ አስገራሚ ሆኖብናል።

ማባዣው ሥዕል ስለማያወጣልን ደንቡን በቃል እንገልጻለን። ገበታው ስምንት በስምንት ነው፤ ነገር ግን ጥቁርና ነጭ የለውም። ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር ተሰምሮበት ይሠራል። በሁለቱ ጫፍ ደር ይቆማል፤ ቀጥሎ ፈረስ፣ ቀጥሎ ፊል፣ መካከሉን ንጉሥና ፈርዝ ይይዙታል፤ ፊታቸው ስምንት መደቆች ይሰለፋሉ። ንጉሡ ከመካከሉ መስመር በተጫዋቹ ቀኝ ስለሚቆም ከባላጋራው ንጉሥ ጋር ፊት ለፊት አይተያይም፤ የሚያየው ፈርዙን ነው። ደርና ፈረስ እንደ ዛሬው ቼዝ ይሄዳሉ። ፈርዝ ግን በማእዘን አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ፊል በማእዘን ሁለት ቤት ይዘላል፤ መካከል ያለውን ቅርጽ ይሻገረዋል። አንድ ፊል ዕድሜውን ሙሉ ቢዘል ከ64ቱ ቤቶች 8ቱን ብቻ ነው የሚረግጠው። መደቅም ከመጀመሪያው አንድ አንድ እርምጃ ነው።

ይህ የአካሄድ ድካም የኛ ሰዎች የፈጠሩት አይደለም፤ የጥንቱ ሸጥረንጅ ሁሉ እንዲህ ነበር። በአውሮፓ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ፈርዝ ወደ ንግሥት ተለውጣ ገበታውን ሁሉ የምትሮጥ ሆነች፤ ፊልም እስከ ፈለገው ድረስ በማእዘን የሚሄድ ሆነ። እኛ ዘንድ ያ ለውጥ አልደረሰም፤ አሮጌው እንዳለ ቆየ።

የኛ ብቻ የሆነው ወረራ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ሰዎች በአንድ ጊዜ እንደ ፈለጉ ቅርጻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ያንዱ እጅ ከሌላው እጅ ይፈጥናል፤ የባላጋራህን አሰላለፍ እያየህ የራስህን ታፈርሳለህ፣ እንደ ገና ትሠራለህ። ይህ ሁሉ የሚቆመው አንደኛው የሌላውን ቅርጽ በበላ ቅጽበት ነው። ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ይሆናል። እንግዲህ ቶሎ የበላ ሰው ትርፍ ያገኘ ይመስለዋል፤ ሆኖም ገና ያልተሰለፈ ጦሩን ይዞ ወደ ጦርነት መግባቱ ነው።

አጨራረሱም ክብር አለው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ መያዝ ተራ ነገር ነው፤ ደካሞቹን ፊልንና ፈርዝን ይዞ መያዝ፣ መደቅንም ጨምሮ፣ ያስመሰግናል። ንጉሡ ያለ አንድ ጓደኛ ብቻውን የቀረ እንደ ሆነ ሊያዝ አይችልም፤ እኩል ለእኩል ነው። ከመደቅ በቀር አንድ ቅርጽ ብቻ ቀርቶት እንደ ሆነ ያ ቅርጽ ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ንጉሡ መያዝ አለበት። ስለዚህ ባላጋራን ጨርሶ መግፈፍ አያዋጣም፤ የሚይዝ ሰው እየቆጠበ ይበላል።

ከጣሊያን ወረራ (1928–1933 ዓ.ም.) በኋላ ጨዋታው እየቀረ መጣ። ያንዱ ጓደኛችን አያት ጎጃም ውስጥ ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል። አባታቸው ከአንድ ባላባት ቤት ያገለግሉ ስለ ነበር ሰንጠረዥ ያውቁ ነበር፤ አያታችን በልጅነታቸው በአባታቸው ጉልበት ሥር ሆነው አይተዋል። ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ከሱ ጋር ሁለታችን ሄደን ነበር። ቀይ ጨርቅ ገዝተን፣ በእርሳስ አስምረን፣ የቼዝ ቅርጾች ይዘን ቀረብን። አንድ ደር ጎድሎብን በጠርሙስ ቡሽ ተክተነዋል።

አባባ መጀመሪያ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሕፃን ነበርኩ» አሉ። ነገር ግን ጨርቁ ሲዘረጋ እጃቸው ሄደ። ንጉሡንና ፈርዙን ማን እንዳስቀመጣቸው ሳንጠይቅ አስቀመጧቸው። ወረራው ሲጀመር ያ የሚንቀጠቀጥ እጅ ከኛ እጅ ይቀድም ነበር፤ አንድ መደቅ ሲበሉብንም ሶልት እንደ ጻፈው ገፍትረው ከጨርቁ ላይ ጣሉት። ልጃቸው ከጓዳ «ምንድን ነው ጩኸቱ?» ብላ ወጣች። እሷም አባቷ ይህን ያውቃሉ ብላ አስባ አታውቅም ነበር፤ 50 ዓመት በአንድ ቤት ኖረዋል።

ኋላ ግን ያንዳችን መደቅ እስከ ማዶው ጫፍ ደረሰ። «አሁን ይኸ ምን ይሆናል አባባ?» ብለን ጠየቅናቸው። ሶልት ምንም ሹመት አያገኝም ብሎ እንደ ጻፈ እናውቃለን፤ ያ ግን ባንድ ቤት ያየው ነው። አባባ መደቁን በሁለት ጣታቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። «አባቴ እዚህ ሲደርስ የሚላት ነገር ነበረች» አሉ። ቃሏን ፈለጓት፤ አልመጣችላቸውም። እስኪመሽ ጠበቅን። ሲሸኙንም በበሩ ላይ ሆነው ስለዚያችው ነገር ያስቡ ነበር።

ስለዚህ በማኅበሩ አዳራሽ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ቀዩን ጨርቅ ከነቅርጾቹ ትተነዋል፤ የቡሹን ደር እባካችሁ አትጣሉት። የገበጣውን ሰሌዳ ተውሶ መሄድ የሚፈልግ ሰው ስሙን ይጻፍ። በቤቱ ወይም በጎረቤቱ ሰንጠረዥ ያየ አዛውንት ያለው ተማሪ ሁሉ ይህን አንድ ጥያቄ ይጠይቅልን፤ መደቅ ከማዶ ሲደርስ ምን ይባላል? መልሱን ይዞ የመጣ ሰው ከትምህርት መክፈቻ በፊት ቢነግረን እኛ ለአባባ ስልክ እንደውላለን።